ፓይተን በጄቪኤም ውስጥ፦ ሜሞሪው ለምን ያብጣል፣ ትሬዶቹስ ለምን ይሰለፋሉ?

ጥያቄ፦ ሰርቨራችን የተጻፈው በጃቫ ነው። የስሌቱን ክፍል ግን ባልደረቦቼ በፓይተን፣ እንዲሁም ኑምፓይና ፓንዳስ በተባሉት የስሌት ላይብረሪዎቹ ሠርተውታል። ስለዚህ ሲፓይተንን (በሲ የተጻፈውን መደበኛ የፓይተን ማስኬጃ) ጃቫ በሲ ከተጻፈ ኮድ ጋር በሚገናኝበት በጄኤንአይ ድልድይ አማካይነት እዚያው ጄቪኤሙ (የጃቫ ማስኬጃው) ውስጥ አስገብተን እናስኬደዋለን። አንድ ሪኩዌስት ብቻ ስንልክ መልካም ነው። 16 ትሬዶች (ጎን ለጎን የሚሄዱ የሥራ መስመሮች) በአንድ ጊዜ ሲሠሩ ግን ፍጥነቱ ከአንድ ትሬድ እምብዛም አይሻልም። በዚያ ላይ የጃቫ ሂፕ (ጃቫ ኦብጀክቶቹን የሚያስቀምጥበት ሜሞሪ) ግራፍ ሳያድግ ቀጥ ብሎ ሳለ የፕሮሰሱ ሜሞሪ ቀስ በቀስ እያደገ ይሄድና በመጨረሻ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ፕሮሰሱን ይገድለዋል። ፓይተንን በራሱ በጄቪኤም ላይ ወደሚያስኬዱት ወደ ጃይተን ብንዛወር ይሻላል ወይስ ወደ ግራል?

ምላሽ፦

ጤና ይስጥልኝ። አጭሩን መልስ ላስቀድም። ወደ ጃይተን አይዛወሩ። ወደ ግራል መዛወርም ቢሆን ከሁለቱ ችግሮችዎ አንዱን በከፊል ሊያቃልልልዎት ይችላል እንጂ ሌላውን እንዳለ ይተወዋል። ሁለቱም ምልክቶች የሚመነጩት ሁለቱ ራንታይሞች (ኮዱን የሚያስኬዱት ሞተሮች፣ ማለትም ሲፓይተንና ጄቪኤም) ከሚገናኙበት ድንበር ስለሆነ፣ መጀመሪያ ሊስተካከል የሚገባው የድንበሩ አቀማመጥ ነው፤ ይኸውም ምን ያህል ጊዜ እንደሚሻገሩት፣ ምን ይዘው እንደሚሻገሩና ማን ምን እንደሚለቅ ማለቴ ነው። እያንዳንዱ ራንታይም ሜሞሪን፣ ትሬድን፣ ስህተትንና የቁጥርን ዓይነት የሚያስተዳድርበት የራሱ ሕግ አለው። ሁለት ራንታይሞች በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ሲያድሩ አንዱ የሌላውን ሕግ አያውቅም፤ የሚያስታርቃቸው መካከል ላይ የተቀመጠው ድልድይ ብቻ ነው፤ ድልድዩም ሊያስታርቀው የማይችለው ነገር አለ።

ከሜሞሪው ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ሲፓይተን እያንዳንዱን ኦብጀክት የሚያስተዳድረው በቆጠራ ነው። ኦብጀክቱን የያዙት ስንት እንደሆኑ የሚናገር ቁጥር አብሮት ይኖራል፤ ቁጥሩ ዜሮ በደረሰበት ቅጽበት ኦብጀክቱ ይለቀቃል። እርስ በርስ ተያይዘው ዜሮ መድረስ ያቃታቸውን ለይቶ የሚያጸዳ ተጨማሪ ሰብሳቢም አለው። ጄቪኤም ግን አይቆጥርም። በአብዛኛው ሂፑ ሲጨናነቅ ከመነሻዎቹ (ፕሮግራሙ በቀጥታ ከያዛቸው) ተነሥቶ ሊደረስባቸው የሚችሉትን ኦብጀክቶች ይከታተልና የቀሩትን ይጠርጋል። ልብ ይበሉ፤ ይህን ጠራጊ፣ ማለትም ጋርቤጅ ኮሌክተሩን፣ ለሥራ የሚያስነሣው በዋናነት የሂፑ መጨናነቅ ነው።

አሁን የፓይተኑ ስሌት 200 ሜጋባይት የሚሆን ዴታፍሬም (የፓንዳስ ሰንጠረዥ) ለጃቫው መለሰ እንበል። ጃቫው በእጁ የሚይዘው ዴታፍሬሙን ሳይሆን፣ የዴታፍሬሙን አድራሻ የተሸከመ አንድ ትንሽ የጃቫ ኦብጀክት ነው። ይህን ወኪል እንበለው። ወኪሉ ሲፈጠር በፓይተን በኩል ያለው ቆጠራ በአንድ ይጨምራል፤ ጄቪኤም ወኪሉን ሲጠርገው ደግሞ በአንድ ይቀንሳል። ለጄቪኤም ግን ይህ ወኪል ጥቂት ባይቶች የሚይዝ ኢምንት ነገር ነው፤ ከጀርባው 200 ሜጋባይት እንዳለ የሚነግረው የለም። 50 እንዲህ ያሉ ወኪሎች ቢከማቹ በፓይተን በኩል 10 ጊጋባይት ተይዟል፤ በጃቫ ሂፕ በኩል ግን ምንም የተፈጠረ ነገር ያለ አይመስልም። ሂፑ ስላልተጨናነቀ ኮሌክተሩ አይነሣም፤ ኮሌክተሩ ስላልተነሣ ወኪሎቹ አይጠረጉም፤ ወኪሎቹ ስላልተጠረጉ ቆጠራው አይወርድም። እንግዲህ የጃቫው ግራፍ ቀጥ ማለት እርስዎን ግራ ያጋባ እንጂ፣ የሜሞሪው ማደግ አንዱ ምክንያት ራሱ ነው። ለጃቫ ሂፕ ያስቀመጡት ጣሪያም ሲፓይተን ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ በቀጥታ የሚወስደውን ሜሞሪ አይመለከትም፤ ስለዚህ ጣሪያውን ዝቅም ከፍም ማድረግ የሚያተርፈው ነገር ጥቂት ነው።

ሌላም መዘግየት አለ። ወኪሉ ከተጠረገ በኋላም ቢሆን ቆጠራውን መቀነስ የሚቻለው የፓይተኑን ቁልፍ (በኋላ የማብራራውን ጊል) ይዞ ነው፤ ኮሌክተሩ ደግሞ ይህን ቁልፍ ሊይዝ አይገባውም። ስለዚህ ድልድዩ የሚቀነሱትን በወረፋ ያስቀምጥና አንድ ትሬድ ወደ ፓይተን በገባ ጊዜ ያራግፋቸዋል። ወደ ፓይተን የሚገባ ትሬድ ለጊዜው ከሌለ ወረፋው እንደተቀመጠ ይቆያል።

መድኃኒቱ በጋርቤጅ ኮሌክተሩ አለመተማመን ነው። ከፓይተን የመጣውን ማንኛውንም ኦብጀክት ልክ እንደተከፈተ ፋይል ይቁጠሩት፤ በጃቫ ፋይልን በሚዘጋው በዚያው የትራይ አሠራር ውስጥ ከፍተው በዚያው ይዝጉት። ከዚህም የሚሻለው ዴታፍሬሙ ጨርሶ ድንበሩን እንዳይሻገር ማድረግ ነው። ስሌቱ በፓይተን በኩል ይጠናቀቅ፤ ወደ ጃቫ የሚመጣው የመጨረሻው ቁጥር ወይም የቁጥሮች አሬይ ብቻ ይሁን።

ከዚህ የባሰው ግን የዙር ጉዳይ ነው። ለፓይተን አንድ የጃቫ ኦብጀክት አቀበሉ፤ የፓይተኑ ኮድም ያንን ኦብጀክት የሚጠቀም ፈንክሽን ሠርቶ፣ ውጤት ሲገኝ እንዲጠራ ለዚያው ለጃቫው ኦብጀክት መልሶ ሰጠው። አሁን ጃቫው ፓይተኑን፣ ፓይተኑም ጃቫውን ይዟል። ጄቪኤም ከፓይተን በኩል የመጣውን መያዣ እንደ መነሻ ስለሚቆጥረው አይነካውም፤ ፓይተንም ከጃቫ በኩል የተጨመረው ቆጠራ ከየት እንደመጣ ስለማያውቅ አይነካውም። ሁለቱም ሕጋቸውን በትክክል ጠብቀው ሳለ ኦብጀክቶቹ ለዘላለም አይለቀቁም። ይህን የሚፈታ ድልድይ የለም፤ ዙሩን የፈጠረው ፕሮግራመር ራሱ በግልጽ መበጠስ አለበት። ሁለቱም ቋንቋዎች አንድ ሂፕና አንድ ኮሌክተር በሚጋሩበት አሠራር፣ ማለትም በጃይተን፣ የሩቢ ቋንቋን በጄቪኤም ላይ በሚያስኬደው በጄሩቢና በግራል ቋንቋዎች ዘንድ፣ ይህ ችግር በተፈጥሮው አይኖርም። ለእነዚህ ወገኖች የምሰጠው ትልቁ ምስጋናም ይኸው ነው።

የትኛው እንደገጠመዎት ለመለየት በሙከራ ሰርቨር ላይ ጭነቱን ካቆሙ በኋላ የጃቫውን ኮሌክተር በትእዛዝ ያስነሡትና ጥቂት ሪኩዌስቶችን ወደ ፓይተን ይላኩ። ከዚያ ትሬስማሎክ በተባለው የፓይተን መሣሪያ ሕያው የሆነውን ሜሞሪ ይለኩ። መጠኑ በእጅጉ ከወረደ የዘገዩ ወኪሎች ነበሩ፤ ካልወረደ ዙር ወይም በፓይተኑ ኮድ ውስጥ የተረሳ ማከማቻ አለ። የፕሮሰሱን ጠቅላላ መጠን ብቻ አይተው አይፍረዱ፤ የተለቀቀ ሜሞሪ ሁሉ ወዲያውኑ ወደ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ አይመለስምና።

ወደ ትሬዶቹ እንለፍ። ሲፓይተን ጊል በሚባል አንድ የወል ቁልፍ ይጠበቃል፤ ቁልፉን የያዘው ትሬድ ብቻ የፓይተን ኮድ ያስኬዳል። ሌሎች እየጠበቁ ከሆነ ሲፓይተን በነባሪው አሠራር በየ5 ሚሊሰከንዱ ቁልፉን እንዲለቅ ይጠይቀዋል። ስለዚህ 16 የጃቫ ትሬዶችዎ ወደ ፓይተን ሲገቡ 16 ሠራተኞች በአንድ በር እንደሚሰለፉ ናቸው። ኑምፓይ በትላልቅ አሬዮች ላይ ሲሠራ ብዙ ጊዜ ቁልፉን ስለሚለቅ፣ ስሌቱ በአብዛኛው እንዲህ ያለ ከሆነ ትሬድ መጨመር በእርግጥ ይጠቅማል። በፓንዳስ ላይ ለእያንዳንዱ ረድፍ አንድ የፓይተን ፈንክሽን የሚጠራ ኮድ ከሆነ ግን ቁልፉ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ እንደተያዘ ነው። ከገለጻዎ እንደምገምተው የእርስዎ ሁለተኛው ነው።

እዚህ ላይ አንድ የግል ገጠመኝ ላንሣ። በአንድ ወቅት የሠራሁበት ሥርዓት በጭነት ጊዜ አልፎ አልፎ ፀጥ ይል ነበር፤ አይወድቅም፣ ስህተት አይጽፍም፣ ብቻ ይቆማል። አንዱ ትሬድ የፓይተኑን ቁልፍ እንደያዘ ወደ ጃቫ ይመለስና አንድ የጃቫ ቁልፍ ይጠብቃል። ሌላው ያንን የጃቫ ቁልፍ ይዞ ወደ ፓይተን ሊገባ የፓይተኑን ቁልፍ ይጠብቃል። የጃቫው መመርመሪያ የጃቫውን ቁልፍ ብቻ፣ የፓይተኑም የፓይተኑን ብቻ ስለሚያይ፣ ሁለቱም መሣሪያዎች የተቆላለፈ ነገር የለም ብለው ይመልሱ ነበር። ያገኘሁት ሁለቱን ዝርዝሮች ጎን ለጎን አስቀምጬ ትሬዶቹን በመለያ ቁጥራቸው ሳገጣጥም ነው። ከዚያ ወዲህ የማልጥሰው ሕግ አለኝ፤ የጃቫ ቁልፍ ይዤ ወደ ፓይተን አልገባም፣ ከፓይተን ወደ ጃቫ ስሻገርም ድልድዩ የፓይተኑን ቁልፍ እንደሚለቅ ሳላረጋግጥ አልሠራም።

ሌላው መታወቅ ያለበት የትሬድ ዝምድና ነው። ጄፕ የተባለውን ድልድይ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ኢንተርፕሪተሩን (የፓይተኑን ኮድ የሚፈጽመውን ክፍል) የፈጠረው ትሬድ ራሱ እንዲጠቀምበትና እንዲዘጋው ይጠይቃል። ይህም ከጃቫ 21 ጀምሮ ከመጡት ቨርቹዋል ትሬዶች ጋር አይስማማም። ቨርቹዋል ትሬድ በሥሩ ያለውን የኦፕሬቲንግ ሲስተም ትሬድ ሊለዋውጥ ይችላል፤ በሲ የተጻፈ ኮድ ውስጥ ሳለ ደግሞ ያንን ትሬድ ይዞ ይቸነከራል። ለፓይተን የተለዩ ጥቂት መደበኛ ትሬዶች ይመድቡና ሌላው የሰርቨሩ ክፍል ሥራውን በወረፋ ያስረክባቸው። በየትሬዱ ንዑስ ኢንተርፕሪተር መክፈትም በወረቀት ላይ ያምራል፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 የወጣው ፓይተን 3.12 ለእያንዳንዱ ንዑስ ኢንተርፕሪተር የራሱን ቁልፍ መስጠት የሚያስችል ሆኗል። ነገር ግን ኑምፓይ በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ በበርካታ ንዑስ ኢንተርፕሪተሮች መጫንን በአግባቡ ስለማይደግፍ ለእርስዎ መንገድ አይሆንም።

የመሻገሪያው ዋጋም መታየት አለበት። አንዱ መሻገር 1 ማይክሮሰከንድ ብቻ ይፈጃል ብለን እናስብ፤ ይህ ማንም የማይጨነቅበት ቁጥር ነው። 1 ሚሊዮን ረድፍና 20 ዓምድ ያለውን ሰንጠረዥ የፓይተኑ ኮድ ከጃቫ ዝርዝር ላይ አንድ በአንድ እያነበበ ቢወስድ ግን 20 ሚሊዮን መሻገር ይሆናል፤ ያም ስሌቱ ገና ሳይጀመር 20 ሰከንድ ነው። ያው ሰንጠረዥ በ20 አሬዮች ተደርጎ ቢሻገር የመሻገሩ ቁጥር 20 ብቻ ይሆናል። ድንበሩ ላይ ያለው ፈንክሽን ብዙ ጊዜ የሚጠራና ጥቂት የሚሠራ ሳይሆን፣ ጥቂት ጊዜ የሚጠራና ብዙ የሚሠራ እንዲሆን አድርገው ይንደፉት። ከሂፕ ውጭ የተመደበን ሜሞሪ ሁለቱ ወገኖች ሳይገለብጡ በጋራ እንዲያነቡት ማድረግም ይቻላል። በዚህ ጊዜ የባይት አቀማመጥን አይርሱ፤ ባይቶችን የሚይዘው የጃቫ ባይትበፈር ሌላ ካልተነገረው በቀር ትልቁን ባይት አስቀድሞ ይጽፋል፣ አብዛኞቹ የዛሬ ፕሮሰሰሮች ግን ትንሹን ያስቀድማሉ። በዚህ ምክንያት በጃቫ በኩል የተጻፈው 1 በፓይተን በኩል 16,777,216 ሆኖ ሲነበብ አይቻለሁ። ስህተቱ እንዲህ ጎልቶ ሲታይ ዕድል ነው።

የማይታዩት ስህተቶች ከቁጥርና ከፊደል ትርጓሜ የሚመጡት ናቸው። የፓይተን ኢንቲጀር ወሰን የለውም፤ የጃቫው ሎንግ 64 ቢት ብቻ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ቁጥር ሲመጣ ድልድዩ ስህተት ያስነሣ እንደሆነ ወይም ዝም ብሎ ይቆርጠው እንደሆነ ዛሬውኑ ይፈትኑት። ፓንዳስ የጎደለ ዋጋ ያለበትን የኢንቲጀር ዓምድ በነባሪው አሠራር ወደ ተንሳፋፊ ነጥብ ቁጥር ይለውጠዋል፤ ይህ ዓይነቱ ቁጥር ደግሞ እስከ 2 በ53ኛ ኃይል ድረስ ብቻ ነው ሁሉንም ሙሉ ቁጥሮች በትክክል የሚይዘው። ስለዚህ አንድ ባዶ ሴል ያለበት የመለያ ቁጥር ዓምድ 9,007,199,254,740,993 የሚለውን ወደ 9,007,199,254,740,992 ለውጦ ይመልስልዎታል፤ ማለትም የሌላ ሰው መለያ። በፓይተን እውነትና ሐሰትም የኢንቲጀር ዘር ናቸው፤ ስለዚህ በአንድ ስም ኢንቲጀር የሚቀበልና ቡሊያን የሚቀበል ሁለት የጃቫ ሜተዶች ካሉ ድልድዩ የትኛውን እንደሚመርጥ አስቀድመው ይወቁ።

በጽሑፍ ረገድ ለእኛ ፊደል አንባቢዎች ልዩ ትኩረት የሚሻ ነገር አለ። «ሰላም» የሚለው ቃል ርዝመት በጃቫም በፓይተንም 3 ነው። ባይት በሚቆጥረው በሉዋ ቋንቋ ግን 9 ይሆናል፤ እያንዳንዱ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በተባለው ፊደልን በባይት የመጻፊያ ሥርዓት ሦስት ባይት ይይዛልና። እ.ኤ.አ. በ2021 በዩኒኮድ 14 ለጉራጌ ቋንቋዎች የተጨመሩት ፊደላት ደግሞ ከ65,535 በላይ ባለው ክልል ስለተቀመጡ፣ አንዱን ፊደል ፓይተን 1 ብሎ ሲቆጥር ጃቫ 2 ብሎ ይቆጥራል። ፓይተን «ከ10ኛው ፊደል ጀምረህ ቁረጥ» ብሎ የላከው ቁጥር በጃቫ በኩል ሌላ ቦታ ላይ ይወድቃል ማለት ነው። ጄኤንአይ የሚጠቀምበት የዩቲኤፍ 8 ዓይነትም የተሻሻለ የሚባለው ሲሆን፣ እነዚህን ፊደላት በ4 ባይት ፈንታ በ6 ባይት ይጽፋቸዋል፤ ፓይተን ግን ይህን ትክክለኛ ዩቲኤፍ 8 ነው ብሎ አይቀበለውም። የድንበር መፈተኛ በሚጽፉበት ጊዜ ከእነዚህ ፊደላት ቢያንስ አንዱን ይጨምሩበት።

አሁን ወደ ጠየቁኝ ምርጫ ልመለስ። ጃይተን በሐሳብ ደረጃ ውብ ነው። ጂም ሁጉኒን እ.ኤ.አ. በ1997 የጀመረው ሲሆን፣ የፓይተንን ኮድ ወደ ጃቫ ባይትኮድ ይለውጣል፤ ጊል የለውም፤ ሂፑም አንድ ነው። ይሁን እንጂ የሚያስኬደው ፓይተን 2.7ን ነው፤ የዚያ እትም ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2020 አብቅቷል። ኑምፓይንና ፓንዳስን ጨምሮ በሲ የተጻፉ ላይብረሪዎች በጃይተን ላይ አይሠሩም። ይህ ብቻውን ጉዳዩን ይዘጋዋል። እዚህ ላይ የሰዎቹ ትጋት ያነሰ እንዳይመስልዎት። አንድን ቋንቋ በሌላ ራንታይም ላይ እንደ አዲስ የሚሠራ ወገን ቋንቋው በተለወጠ ቁጥር እንዲከተል ይገደዳል። ከጃቫ 8 ጋር እ.ኤ.አ. በ2014 የመጣው የጃቫስክሪፕት ሞተር ናሾርን በጃቫ 11 ሊወገድ እንደሆነ የታወጀው፣ በ2020 በጃቫ 15 የተወገደውም የጃቫስክሪፕትን ፈጣን ለውጥ መከተል አዳጋች በመሆኑ ነው። ጄሩቢ በአንጻሩ በሕይወት አለ፤ የሩቢ ዋና ዋና ኤክስቴንሽኖች ቁጥራቸው ውስን ስለነበረ በጃቫ ተተክተዋል። የኑምፓይን ዓለም በጃቫ መተካት ግን ሌላ ነገር ነው።

ግራል በሌላ መንገድ ይሄዳል። ትራፍል በተባለው ማዕቀፍ ለአንድ ቋንቋ ኢንተርፕሪተር ብቻ ይጻፋል፤ ፕሮግራሙ ሲሮጥ ግን ኢንተርፕሪተሩና የሚያስኬደው ኮድ አንድ ላይ ተቀልጠው ወደ ማሽን ኮድ ይለወጣሉ። ሐሳቡ ዮሺሂኮ ፉታሙራ እ.ኤ.አ. በ1971 ካቀረበው የመነጨ ሲሆን፣ በእኔ አስተያየት በዚህ መስክ ከተሠሩት ሁሉ ብልሁ ነው። የግራል ፓይተን የሆነው ግራልፓይ የዛሬውን ፓይተን ያስኬዳል፤ ኑምፓይን የመሰሉትንም በሲ የተጻፉ ላይብረሪዎች በተወሰነ ደረጃ ይቀበላል። ነገር ግን እሱም ጊል አለው፤ ስለዚህ 16ቱ ትሬዶችዎ እዚያም ይሰለፋሉ። የኑምፓይ አሬዮችም እዚያ ከጃቫ ሂፕ ውጭ በሚገኝ ሜሞሪ ላይ ሊያርፉ ስለሚችሉ የትንሹ ወኪልና የትልቁ አሬይ ታሪክ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። የግራል ኮምፓይለር በሌለበት ተራ ጄዲኬ (የጃቫ ጥቅል) ላይ ሲያስኬዱት ደግሞ በኢንተርፕሪተር ብቻ ስለሚሠራ ቀርፋፋ ይሆናል፤ «ግራልን ሞክረን ዘገየብን» ከሚሉኝ ሰዎች ያየኋቸው አብዛኞቹ ይህን ሳያስተውሉ የቀሩ ናቸው።

ግራል በእርግጥ የሚያሸንፍበት ቦታ አለ፤ ይኸውም የማያምኑትን ኮድ ሲያስኬዱ ነው። ተጠቃሚ የጻፈው ደንብ ማለቂያ የሌለው ሉፕ ውስጥ ቢገባ፣ በጄኤንአይ የገባውን ሲፓይተን ከውጭ በአስተማማኝ ሁኔታ የሚያቆሙበት መንገድ የለዎትም። በግራል ግን ኮንቴክስቱን (ኮዱ የሚሮጥበትን ክልል) በግድ መዝጋት፣ የሚፈጸሙትን ዐረፍተ ነገሮች ብዛት መወሰን፣ ፋይልና ኔትወርክ መከልከል፣ ከጃቫው ኮድም በግልጽ የተፈቀደውን ብቻ ማሳየት ይቻላል። የእርስዎ የስሌት ኮድ በባልደረቦችዎ የተጻፈ ስለሆነ ይህ ጥቅም ለጊዜው አያስፈልግዎትም።

ለመሆኑ ሉዋን የሚያስገቡ ሰዎች ለምን እንዲህ አይሠቃዩም ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ። ሉዋ እ.ኤ.አ. በ1993 በሪዮ ዴ ጃኔይሮ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ሲሠራ ገና ከመነሻው በሌላ ፕሮግራም ውስጥ ለመኖር የታሰበ ነበር። ሁኔታው ሁሉ በአንድ ስቴት ውስጥ ይኖራል እንጂ በፕሮሰሱ ላይ አይበተንም፤ ስለዚህ 16 ትሬድ ካለ 16 የማይተዋወቁ ስቴቶች መክፈት ቀላል ነው። አስተናጋጁ ፕሮግራም ዋጋዎችን የሚያገኘው በስታክ በኩል ብቻ ስለሆነም የሉዋ ኮሌክተር ምን እንደተያዘ ሁልጊዜ ያውቃል። ሲፓይተን ግን ለረጅም ዘመን የፕሮሰሱ ባለቤት ነኝ ብሎ የኖረ ነው፤ ጄቪኤምም እንዲሁ። ሁለት ባለቤቶች በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ሲገናኙ በሲግናል (ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ለፕሮሰሱ በሚልከው ምልክት) እንኳ ይጋጫሉ፤ ጄቪኤም ሲግሴግቪ የተባለውን ሲግናል ለራሱ የውስጥ ሥራ ይጠቀምበታል፣ የሌላው ወገን ላይብረሪ ግን የመውደቅ ምልክት አድርጎ ሊይዘው ይችላል።

ስለዚህ ለእርስዎ የምመክረው ፓይተኑን ከጄቪኤሙ ማውጣት ነው። በአንድ ሰርቨር ላይ ጥቂት የፓይተን ፕሮሰሶች ይነሡ፤ እያንዳንዱ የራሱ ጊል አለው፤ ሜሞሪው ሲያብጥ ያንን ፕሮሰስ ብቻ አንሥቶ መተካት ይቻላል፤ በሲ የተጻፈ ላይብረሪ ሲወድቅም 16ቱን ሪኩዌስቶች ይዞ አይወድቅም። «ዴታውን መጻፍና ማንበብ ይገድለናል» የሚል ሥጋት ወዲያው እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ሥጋቱ ትክክል የሚሆነው ግን በረድፍ ሲላክ ነው። ብዙ ዴታ የሚያስኬደው አፓቺ ስፓርክ ራሱ ይህን አልፎበታል። ፓይተኑ ከጄቪኤሙ ውጭ ባለ ፕሮሰስ እየሠራ ረድፎቹ አንድ በአንድ ተጽፈው ይላኩለት በነበረበት ጊዜ የተጠቃሚ ፈንክሽኖች በዝግታቸው የታወቁ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2018 በስፓርክ 2.3 አፓቺ አሮው በተባለው በዓምድ የተደራጀ ቅርጽ ብዙ ረድፎችን በአንድ ጊዜ መላክ ሲጀመር፣ ፓይተኑ ከቦታው ሳይንቀሳቀስ ፍጥነቱ ተለወጠ። አሮው በጃቫም በፓይተንም ላይብረሪ አለው፤ በሁለቱም በኩል የሜሞሪው አቀማመጥ አንድ ስለሆነ ትርጉም አያስፈልገውም።

ፕሮሰሶቹን ግን በፎርክ፣ ማለትም ፕሮሰሱ ራሱን በሚያባዛበት ጥሪ፣ ከጄቪኤሙ ውስጥ አያስነሡ። ፎርክ የሚገለብጠው የጠራውን ትሬድ ብቻ ነው፤ የጄቪኤሙ ሌሎች ትሬዶች ይዘዋቸው የነበሩት ቁልፎች በአዲሱ ፕሮሰስ ውስጥ እንደተቆለፉ ይቀራሉ። ራሳቸውን ችለው ይነሡ።

ይህን እስኪያደርጉ ድረስ አሁን ባለው አሠራር ላይ ሦስት ነገር በዚሁ ሳምንት መሥራት ይቻላል፤ ወኪሎቹን በግልጽ መዝጋት፣ ለፓይተን የተለዩ ትሬዶችን መመደብ፣ ረድፍ በረድፍ የሚሻገረውን በአሬይ መተካት። የመጀመሪያው ፕሮሰሱ እንዳይገደል፣ ሦስተኛው ደግሞ የአንዱን ሪኩዌስት ጊዜ ለማሳጠር ይረዳል። የሁለተኛው ጥቅም ሥርዓት ማስያዝ ነው እንጂ ፍጥነት አይጨምርም።

ጊል የሌለበት ፓይተን መጥቷል፣ እሱን ብንጠብቅስ የሚል ሐሳብም ሊነሣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 በወጣው 3.13 በሙከራ ደረጃ ቀርቦ ነበር፤ በጥቅምት 2025 በወጣው 3.14 ደግሞ በይፋ የሚደገፍ አማራጭ ሆኗል። የትሬዱን ሰልፍ ሊፈታው ይችላል፤ የወኪሎቹንና የዙሩን ጉዳይ ግን አይነካውም። ለዚህ አሠራር ዝግጁ ነኝ ብሎ ያላሳወቀ አንድ በሲ የተጻፈ ላይብረሪ ከተጫነ ኢንተርፕሪተሩ ጊሉን ለሁሉም መልሶ ያበራዋል። ስለዚህ ሲሞክሩት ሁሉንም ላይብረሪዎችዎን ከጫኑ በኋላ ጊሉ በእርግጥ ጠፍቶ እንደሆነ ኢንተርፕሪተሩን ራሱን ይጠይቁት፤ የጄኤንአይ ድልድይዎም ከእነዚያ ላይብረሪዎች አንዱ መሆኑን አይዘንጉ።